ዋስ አድርጌሻለሁ

ነሐሴ 9 ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን አሁንም ያምሻል? ወይዘሮ ዓሚኔስ ከነልጆቻቸው ደህና ናቸው? ሱቃቸው ውስጥ ምስር ስትለቅሚ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ አትበይ፤ እየተነሳሽ ተንቀሳቀሽ። አክስቴ ደህና ናት። ላሟም ደህና ናት። ዝናቡ ዘንድሮ በርትቷል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ምንዋጋው የሚባል ሹፌር ነው። በቁስል ፕላስተር አሽጌዋለሁ። ፕላስተሩ ተነቅሎ ከደረሰሽ ሌላ ሰው አንብቦታል ማለት ነው፤ ያኔ በእጁ መልስ እንዳትልኪ።

እናቴ፣ ሳልጠይቅሽ በስምሽ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ኮሌራው ከምንጩ በታች ያሉትን ቤቶች ከያዘ በኋላ አቶ የሻምበል የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ሐኪም አይደለም። ሥራው ማስማማት ነው አሉን፤ በሽታ ወይ ረሃብ ባለበት እየሄደ ሕዝቡንና እርዳታ ሰጪዎቹን ያደራድራል፣ የላከውን የእርዳታ ድርጅትም ያማክራል። አምደወርቅ የሕክምና ድንኳን ተተክሏል፤ የእኛ መንደር ግን በሽተኛውን ደብቋል። እዚያ የሞተ ሰው በወገኖቹ እጅ አይገነዝም፣ በቤተ ክርስቲያኑም አይቀበርም የሚል ወሬ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው የሚመክሩት በቋንቋችን በኽምጣና ስለሆነ ሰውዬው አስተርጓሚ ፈለገ። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች እሷ ናት ብለው እኔን ጎተቱኝ። ሦስት ቀን መሬት መሬቱን እያየሁ አስተረጎምኩ። ጎረቤታችን አያ ደሞዝ፣ ይቺ ልጅ የምታወራው ለእኛ ነው ወይስ ለጉንዳን? አለና ሁሉም ሳቀብኝ።

ሰውዬውን አላመንኩትም። ድምፁ ለስላሳ ነው። ሰው ሲቆጣው ፈገግ ይላል። ጾም ነኝ እያለ ከእኛ ጋር ምንም አይቀምስም፤ መኪናው ውስጥ ግን የብስኩት ላስቲክ አይቻለሁ። ቄሳችን አባ ገብረ አማኑኤል ሲያስሉ እንኳ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰርቄ ባየውም አላነበውም።

ሰኞ ዕለት የሰውዬው ሹፌር ምንዋጋው መኪናውን ሲያጥብ ውሃ አቀበልኩት። ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከእኛ በፊት በነበሩበት መንደር፣ የሞተ ሰው ለወገኖቹ ይመለሳል የሚል ቃል ተገብቶ ነበር አለ። አንድ ሽማግሌ ሞቱ፤ አስከሬናቸው ግን አልተመለሰም፣ ከድንኳኑ ጀርባ በኖራ ተቀበሩ።

በነጋታው ድርድሩ ነበር። አቶ የሻምበል፣ የሞተ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ለወገኖቹ ይመለሳል፣ ቄሱም እየጸለዩ ከአጠገቡ ይቆማሉ፣ በማኅተም አረጋግጣለሁ አለ። አባ ግን፣ ማኅተሙን ማን ብለን እንጠራዋለን? ዋስ ጥራ አሉት። እኔው ዋስ ነኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አያ ደሞዝም፣ ቤትህ የት ነው? አንተ ስትሄድ ለእኛ የሚቀረን የጎማህ ጭቃ ነው፤ ዋስማ ደጁ ሄደን የምንቀመጥበት፣ ዘመዱ እዚህ የተቀበረ ሰው ነው አለው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ዋስ የሌለው ቃል እኛ ዘንድ እንዳልተባለ ነው። እሱ ግን አልገባውም፤ ወረቀቱን ደጋግሞ ያሳያል።

ከአንዱ ቤት የሚያቃስት ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። የተደበቁት ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ቃል ተናገርኩ። እናቴ ዋስ ትሁን፣ ሰቆጣ ናት፣ በመኪና አምደወርቅ መድረስ ትችላለች፣ አባቴም የተቀበረው እዚሁ ነው አልኩ። አያ ደሞዝ፣ ኧረ ጉንዳኗ ተናገረች! አለ። አባ ግን አልሳቁም። ያቺ ሴት ቃሏን አታጥፍም፣ ይሁን አሉ። አስከሬን ከቀረ ግን እግሯ ይህን መንደር እንዳይረግጥ ብለው ጨመሩ።

ምንዋጋው የነገረኝን አልተናገርኩም። ብናገር ወደ ድንኳኑ የሚወርድ አይኖርም ነበር። ደበቅሁና የማላምነውን ሰው ቃል በአንቺ ስም አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ እህል አልወረደልኝም።

ሐሙስ የመጀመሪያው ቃሬዛ ወረደ። አያ ደሞዝና ሦስት ጎረቤቶች ተሸከሙ። ማንን እንደተሸከሙ አልጽፍልሽም። ከቃሬዛ ላይ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። አያ ደሞዝ መንገዱን ሙሉ ሲቀልድ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ቀልዱን ትቶ መጸለይ ጀመረ።

ትናንት አቶ የሻምበል ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ስለዚያ መንደር ሽማግሌ ጠየቅኩት። ዝናብ መንገዱን አራት ቀን ዘግቶት ነበር፣ መንገዱን ሳላውቅ ነው ቃል የገባሁት አለኝ። ዓይኑ እርጥብ መሰለኝ። እውነቱን ይሁን አይሁን አላውቅም። ዛሬም እየዘነበ ነው።

ስለዚህ ነይ። ደውለው ደህና ናት ቢሉሽ አትመኚ፤ ዋስ ሆነሻልና መጥተሽ በዓይንሽ እዪ። ፊደሌ ስለተንጋደደ አትፍረጂብኝ፣ ቀኜ ላይ የግሉኮስ መርፌ ስላለ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። አንብበሽ ስትጨርሺም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

እዚህ ድንኳን ውስጥ ሰው የሚጠራው በቁጥር ነው። አንቺ በስም ጠይቂ፤ ስሙን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። በእግሯ ከወጣች በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መንገድ ይዘሻት ወደ መንደራችን ግቢ፤ ሰው ሁሉ ይያት። ያኔ የተደበቁትም ይወርዳሉ። በእግሯ ካልወጣችም ሳትይዣት እንዳትመለሺ። አባቴ አጠገብ ቦታ አለ።

ድንግል ማርያም ከፊትሽ ትቅደም፤ ወንዙን አጉድላ ታሻግርሽ።

ሳላስፈቅድሽ ዋስ ያደረግሁሽ፣
ልጅሽ