የዛገው ጦር

ለምወድህ ልጄ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ ጫማህ ማሰሪያ እንዴት ነህ? እኛ ከቀለም ሽታ በቀር ደህና ነን። እጄ በብሩሽ ስለተያዘ ጽሕፈቱ የእህትህ ነው።

ጥለኸው የሄድከውን የህዋ ጦር፣ እነዚያን ጠረጴዛ ላይ እያሰለፍን ጦርነት የምንጫወትባቸውን አውራ ጣት የሚያካክሉ የፕላስቲክ ወታደሮች፣ እየቀባሁልህ ነው። አርባ ዓመት የሱቅ ታፔላ የጻፈ ሰው ይህ ያቅተዋል? የመጀመሪያው ደረት ላይ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ሳሰምር ትንሽ ተንጋደደብኝ። እህትህ፣ «አባዬ፣ ዝገት የወረደበት ይመስላል!» አለች። በቃ፣ ዝናብ ከማያባራበት ፕላኔት የመጡ ናቸው አልኩ። አሁን ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ዝገዋል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ጦር ይዞ ሊጫወት መጥቶ በቅናት ድብን አለ። «እንዲህ ያለ ዝገት በምን ይሠራል?» ቢለኝ፣ «የሙያ ምስጢር ነው» አልኩት።

ሻይ የምጠጣው በግማሽ ብርጭቆ ነው፤ እህትህ ቀለሙ ላይ እንዳይፈስ ብላ ነው።

አዛዡን ብቻ አልነካሁትም። የራስ ቁር ስለሌለው ፊቱ ይታያል፤ ዓይን ደግሞ ዝገት አይወድም። ስትመጣ አንተ ትስልለታለህ። ቀጭኗን ብሩሽ አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።

እስክንገናኝ ሰላምህ ይብዛ።

አባትህ

ፊርማዋ የራሴ ናት፤ ብትንጋደድም ዝገት ነው በላት።