ልጃቸው የቀደመቻቸው አቶ ስታማቲስ ጋላኖስ

አቶ ስታማቲስ ጋላኖስ ከአባታቸው ከአቶ ዛፊሪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቫሲሎ እ.ኤ.አ. በ1958 በቮሎስ ወደብ አጠገብ በአግሪያ ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት የመርከብ ጥሩምባ መስሏቸው የወደቡ ሠራተኞች ገመድ ይዘው ወጥተው ነበር፤ ለዚህም ምስክሩ ከአራት ዓመት በኋላ የተወለድኩት ታናሽ ወንድማቸው ፓንዴሊስ ነኝ።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። እኔ በአራተኛ ስላቆምኩ የቤተሰባችን ምሁር እሳቸው ነበሩ። በ1976 ጀልባ መጠገን ጀመሩ። አንዱማ እሳቸው ከጠገኑት በኋላ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ብቻውን ዓሣ ይዞ ይመለስ ነበር።

በ1999 ከወይዘሮ ኤርሚዮኒ ጋር በተክሊል ተጋብተው በ2001 አንዲት ልጃቸውን አሲሚናን ወለዱ።

አቶ ስታማቲስ በሕይወታቸው ሙሉ አብሯቸው የበላ ሰው ሒሳብ እንዲከፍል ፈቅደው አያውቁም። በእህታችን ልጅ ሠርግ የሙሽራውን አባት ጓዳ ቆልፈውባቸው ከፍለዋል። ጳጳሱ እንኳ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ፣ አቶ ስታማቲስ ቀኝ እጃቸውን የሚስሙ መስለው ጨብጠው ይዘው፣ በግራቸው ለአስተናጋጁ ከፍለዋል።

አሲሚና በ2019 ተሰሎንቄ ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ገባች። በሁለተኛ ዓመቷ ማለዳ ማለዳ ዳቦ ቤት መሥራት ስትጀምር፣ አባቷ የላኩት ገንዘብ ተመልሶ መጣ። ባንክ ሄደው “ልጄን በረሃብ ልትገድሉ ነው?” ብለው ገንዘብ ያዡን አፋጠጡት።

“አባባ፣ እኛ የለንበትም። የመለሰችው ራሷ ናት” አላቸው።

በዚያ ሰሞን ምግብ አልበላ አላቸው። “ፓንዴሊስ፣ ካልከፈልኩላት እንግዲህ እኔ ምኗ ነኝ?” ብለው ጠየቁኝ። 

በ2022 የፋሲካ ማግስት ቤተሰቡ ወደቡ ዳር ባለ ምግብ ቤት ምሳ በላ። አቶ ስታማቲስ እንደ ልማዳቸው እጅ ሊታጠቡ መስለው ተነሥተው ወደ አስተናጋጁ ሄዱ።

“ተከፍሏል፣ ጋሼ።”

“ማን ደፍሮ?”

“ልጅዎ። ጠዋት ቤቱን ስንከፍት እኮ በር ላይ ቆማ አገኘናት።”

ተመልሰው “ምን ማለትሽ ነው?” አሏት።

“ካንተው የተማርኩት ነው፣ አባዬ። አሁን ቁጭ በልና ዓሣህን ብላ።”

ቁጭ ብለው በሉ። ከዚያም ከገበታ ወደ ገበታ እየዞሩ “ልጄ አሸነፈችኝ” እያሉ አወሩ። እስከ ማታ ድረስ በወሬያቸው አሲሚና የወደቡን ሰው ሁሉ ጋብዛ፣ ሁለት ጀልባም ገዝታ ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት አግዣቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትመጣ የሚያዙት ውድ ውዱን ዓሣ ሆነ።

በ2024 ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። አጠገባቸው ለተኙት ሽማግሌ ቡና ሊጋብዙ አሰቡና በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ፦ “ልጄ፣ ሳንቲም አለሽ?” ቦርሳዋን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው “እኔ እያለሁ? አይደረግም” ብለው መርፌያቸውን ነቅለው ሊነሡ ሲሉ፣ አቶ ስታማቲስ “አይልፉ፣ ወንድሜ። ይህ የልጄ ገንዘብ ነው፤ እሷን እኔም አልቻልኳት” አሏቸው።

ኅዳር 9 ቀን 2024፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ዘንድሮ የምትመረቀው ልጃቸው፣ እህታችንና እኔ ቀርተናል።

ጌታ በማዕዱ ዙሪያ ያስቀምጣቸው። እዚያም የማዕዱ ባለቤት አስቀድሞ ከፍሏልና፣ መላእክቱን ሳይታገሉ ተረጋግተው እንዲበሉ ጸልዩላቸው።