ታንኳችንን ድርቆሽ ብለው ለመዘገቡት ጓድ አምሐ

ለክቡር ጓድ አምሐ፣
የሐይቁ ዳርቻ የእንስሳትና የዶሮ መኖ ጥናት ቡድን መሪ፣
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመዋል? አላህ ጉልበትዎን እንዲያጸና፣ ወገብዎን እንዲያቀና፣ ከሁሉም በላይ ግን ዓይንዎን እንዲጠብቅልዎ በደልጊ ዳርቻ የምንኖር ታንኳ ሠሪዎች ሳናሰልስ እንለምናለን። ሕዝቡ ያለ ፍርሃት ሂስ እንዲያቀርብ በስብሰባ ስለተነገረን፣ እኔም ይህችን ጽፌ በገበሬ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት በር ላይ ለጥፌያታለሁ።

አንደኛ፣ በዚህ የድርቅ ዘመን ለከብቶቻችን የሚበላ መኖር አለመኖሩን ሊያጠኑ ድረስ መምጣትዎን እናመሰግናለን። እግርዎን ጭቃ እንዳይነካው ከሞተር ጀልባዎ ሳይወርዱ፣ በሩቅ ማያ መነጽር ብቻ ተመልክተው፣ እንዲደርቁ በዳርቻው ያቆምናቸውን ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ሣር የታሰሩ ታንኳዎች የድርቆሽ ክምር ብለው መዘገቡልን። ዕድሜ ለእርስዎ፣ ደሀ ሆነን አድረን መኖ የተረፈን ባለጸጎች ሆነን ነቃን።

ሁለተኛ፣ ድርቆሽ ከተረፋቸው ጭዱ ምን ያደርግላቸዋል ተብሎ፣ ለክፉ ቀን ያኖርነው የጤፍ ጭድ በሙሉ ከተማ ላሉት የመንግሥት የወተት ላሞች ተጫነ። ያ ድርቆሽ ሳይሆን ታንኳ ነው ብዬ በስብሰባ ብናገር፣ መኖ የሚደብቅ አሻጥረኛ ብለው ዝም አሰኙኝ። ስለ ትምህርቱ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የቀዘፍሁት የከብት ቀለብ መሆኑን ያወቅሁት ከእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ዶሮዎቻችንን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ለቡድንዎ ስንቅ ይሆኑ ዘንድ እግራቸው ታስሮ ጀልባዎ ላይ ስለወጡ፣ ከእንግዲህ መኖ አያሻቸውም።

አራተኛው ስለ ላሜ ስለ ዳልቻ ነው። ልጄ ሸምሲያ በወሊድ ከሞተች ወዲህ የሕፃን ልጇን የመስዑድን ነፍስ ያቆየችው ይህች ላም ነበረች። ጭዱ ከሄደ በኋላ ረኃቡ ሲጠናባት ታንኳዬን በላች። ደስ ይበልዎ፣ በዚህ አገር ጥናትዎን ያመነች እሷ ብቻ ናት። ሆዷ ተነፍቶ ስትወድቅ ቢላዋ ይዤ ብሮጥም አልደረስሁላትም፤ ሳትታረድ ስለሞተች ሥጋዋ እንኳ ለእኛ አልሆነም። ቆዳዋን ገፍፌ የጣልኋትን ጅብ በላት። ከጥናትዎ የተጠቀመ ቢኖር እሱ ነው።

ሕፃኑ አሁን በአብሽ ውኃ ነው ያለው፤ ሲያለቅስ ድምፁ አይወጣም። ጎረቤታችን ሀጂራ ከከሳችው ላሟ የምታልባትን አንድ ስኒ ወተት ትሰጠናለች፤ ያችም ላም ጭድ ካላገኘች ብዙ አትቆይም፣ ሕፃኑም ከእሷ በኋላ አይቆይም። ስለዚህ የወሰዱብንን ጭድ እንዲመልሱልን እለምናለሁ። ጭዱ እስኪመለስ ድረስ፣ በቢሮዎ ሻይ በወተት ሲያዙ የሚጠጡት የመስዑድን ቁርስ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

በፍጹም አክብሮትና ከልብ በመነጨ ጥላቻ እጅ እነሣለሁ።

አብዱልወሃብ ኑርሑሴን
ታንኳ ሠሪ የነበርሁ፣ በእርስዎ ጥናት የድርቆሽ ባለጸጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዳልቻ ቆዳ በደንብ ደርቋል። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እርስዎን ግን እዚህ ሁላችንም ስለምናውቅዎ መጠየቅ አያስፈልግዎትም፤ ሲመጡ ተነጥፎ ይጠብቅዎታል።