በዘሃራ ሰርግ ላይ የተነገረው ዳጉ

እማዬ፣ አላህ ማረፊያሽን ያሳምርልሽ። ከተለየሽን ወዲህ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ።

አባዬ ጉልበቱን ያመዋል፤ ማሽላውን ግን ዛሬም ራሱ ነው የሚጠብቀው። እህቴን ዘሃራን ለአንድ የዋጃ ከተማ ልጅ ዳርናት። ደስ ደስ የሚለውን ብቻ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን የሰርጉ ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልናገር?

ወንድምሽ ሁመድ ከአጎትሽ ልጅ ጋር ከአፋር መጣልን። ዘይነብ፣ የአባዬ እህት፣ ገና ሲገቡ ዳሱ ጥግ ወሸቀቻቸው። ሌላው እንግዳ በብርጭቆ ሲጠጣ ለነሱ የላስቲክ ኩባያ አወጣች። አሳላፊዋን፣ «ከሌላው ጋር እንዳትቀላቅይው፤ ሲሄዱ ይጣላል» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። እማዬ፣ በቀብርሽ ቀን ከሁሉ በላይ ስትጮህ የነበረችው እኮ ናት! በሕይወት ሳለሽ ደግሞ የናጥሽውን ቅቤ አፍንጫዋን ይዛ ነበር የምትመልሰው።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ዘመዳችሁ ደረሰ። ከሁመድ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳጉ ጀመሩ።

«በሰው ሰርግ ምንድን ነው የሚያሴሩት?» አለች ዘይነብ። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ከኩባያው ይብስ ነበር።

ተነሣሁ። «ዳጉ ነው» አልኩ። «ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። መዋሸትም መደበቅም ነውር ነው። ስሙ፣ እኔ ልንገራችሁ።»

ሁመድ የሚለውን እየተከተልኩ በአማርኛ አሰማሁ። ዝናቡ ዘግይቷል። ሣሩ ሳስቷል። ግመሏ በሰላም ወልዳለች። የእህታችን ልጅ ሙሽራዋ ደህና ናት። ቀጠለና፣ ቁጣ በሌለው በዚያው ድምፅ፣ «የቤቱ ሰዎች ኩባያችንን ለይተውታል» አለ። እሱንም አንድ ቃል ሳላስቀር ተናገርኩ።

የሙሽራው አባት ጋሽ ይመር ከክብር ቦታቸው ተነሥተው ሁመድ አጠገብ ተቀመጡ። ኩባያውን ከእጁ ተቀብለው ጠጡና፣ «በሉ እኔንም እንደ ወጋችሁ ጠይቁኝ፤ የዋጃን ወሬ ልንገራችሁ» አሉ። አንድ ሁለት እያለ ሰው ወደዚያ ጥግ ተሰበሰበ። ዘይነብ ጓዳ ገብታ አልወጣችም።

በቀደም መጥታ፣ «እኔ ወጋቸውን መቼ አውቄ!» አለችኝ። ስንት ዓመት አጠገብሽ ኖራ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቀችሽም፤ እኔን ያንገሸገሸኝ ይኸው ነው። አሁን ትጠይቀኛለች፤ እኔም አስረዳታለሁ፣ ደህና አድርጋ ትሰማለች። እጇን ስጨብጥ ግን ዛሬም ይቀፈኛል። ያልለቀቀኝን ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም።

እማዬ፣ አንቺ ቆቦ ገበያ ውስጥ በአፋርኛ ስትጠሪን ድምፅሽን ዝቅ ታደርጊ ነበር። እኔ ልጆቼን በገበያው መሐል ጮክ ብዬ በቋንቋሽ እጠራቸዋለሁ። ሰው ዞር ብሎ ያየናል። ይየን። እስካለሁ ድረስ እንዲሁ እጠራቸዋለሁ፤ ትንሿንማ የምጠራት በስምሽ ነው።

ልጅሽ