ስለ መከታ አንገትና ስለ አቶ ከድሮ ሥራ

ቀን፦ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀሐይ ግቢ የበርበሬና የእህል አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን
ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቡታጅራ

አመልካች፦ ወ/ሮ እቴነሽ ፈቃዱ፣ ልብስ ሰፊ፣ ቡታጅራ ከተማ

ጉዳዩ፦ የዩኒየኑን ውሻ እንድመልስ የተጻፈልኝን ደብዳቤ ስለመቃወም፣ እንዲሁም ከሥራ የተሰናበቱት የጥበቃ ሠራተኛ አቶ ከድሮ ሽፋ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ አመልካች ከዩኒየኑ መጋዘን ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ሰው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን የሰፈሩን ውሾች እንንከባከባለን። ከልኳንዳ የምናገኘውን ቁርጥራጭ ሥጋ ቀቅለን እናበላለን፣ መዥገር እንለቅማለን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እናስከትባለን። ማኅተም ያለው ማኅበር አይደለንም። በደብዳቤው ላይ «በውሻ ፍቅር ተገፋፍታ» ተብያለሁ፤ ይህ ይታረምልኝ። ልጅ ሳለሁ ጉንችሬ ገበያ ላይ ውሻ ነክሶኝ፣ እናቴ አዝላኝ አታት ሆስፒታል ድረስ ሄደን መርፌ ተወግቻለሁ። ዛሬም ውሻ ከኋላዬ ሲመጣ መንገድ እሻገራለሁ። የተከተበ ውሻ ያለበት ሰፈር ልጆች አይሞቱም ብዬ ነው የጀመርኩት።

የሆነውን በቅደም ተከተል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ነገሩ የጀመረው በክርፋት ነው። ባለፈው ኅዳር በርበሬ ወደ መጋዘኑ መግባት እንደጀመረ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ፣ የበሰበሰ ነገር ሽታ ወደ ሱቄ ይገባ ጀመር። ልጆቻቸውን ሊያስለኩ የሚመጡ እናቶች አፍንጫቸውን በሻርፕ ይዘው ይቆሙ ነበር። እኔም ርጥብ በርበሬ ሻግቶ ነው ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስኮት ዘግቼ ሰፋሁ። ይህን የምጽፈው ሌላውን ስወቅስ ራሴን እንዳላስቀር ነው፤ ዛሬ ሳስበው ራሴ ያስጠላኛል።

2. ኅዳር 30 ቀን የመጋዘኑ ጥበቃ አቶ ከድሮ ሽፋ የተቀደደ የደንብ ልብስ ሱሪያቸውን ይዘው መጡ። በዩኒየኑ አሥራ አንድ ዓመት የሠሩ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። ሱሪውን ሰጥተውኝም አልሄዱም፤ በሩ ላይ ቆሙ። ምን ሆነዋል ጋሼ ብላቸው፣ ሽታው ከየት እንደሚመጣ ነገሩኝ። መከታ የሚሉት ቡናማ ውሻ ከሁለት ዓመት በፊት ቡችላ ሆኖ ለመጋዘኑ ሲመጣ፣ ማሰሪያ ስላልተገዛ በሽቦ እንዲያስሩት ታዘው አስረውታል። ውሻው አደገ፤ ሽቦው ግን ያው ነው። የቆዳ ማሰሪያ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ጠይቀው መልስ አላገኙም። ሽቦውን ለማላላት ሲሞክሩም ቆዳው ውስጥ ገብቶ አጡት።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «እኔ በሃይማኖቴ ውሻ አልነካካም፣ እጄንም በግድ ነው ያስነካሁት። ግን አላህ የሚያየውን እኔም በየቀኑ እያየሁ እበላለሁ፤ ይሄ ደግሞ ከበደኝ።»

ይህንን ቃላቸውን እዚህ የጻፍኩት በራሳቸው ፈቃድ ነው።

3. በነጋታው በመጋዘኑ በር ፍርግርግ አየሁት። የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሌሎች ይህን ሳይጽፉ ቀርተው ነው ነገሩ እዚህ የደረሰው። የአንገቱ ዙሪያ እንደ ከንፈር ተከፍቶ ነበር። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነጭ ነገር ነበር፤ ትል ነው። የታሰረው በርበሬ ከሚራገፍበት በር አጠገብ ስለሆነ፣ ጆንያ በወረደ ቁጥር ብናኙ ቁስሉ ላይ ይወርዳል። ውሻው ያን ጊዜ አይጮኽም። አንገቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛና ጎኑ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሠራተኞቹ ጆንያ ተሸክመው በላዩ ተራምደው ያልፉ ነበር። አንዱማ ምሳውን ከጎኑ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርበሬ ያለበት ወጥ መብላት አልቻልኩም።

4. ታኅሣሥ 2 ቀን ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊው ወደ አቶ ፍቅሩ ሄድኩ። በአክብሮት ነው የገባሁት። ሐኪም ይዤ ልምጣ፣ ማሰሪያም አመጣለሁ፣ ከእርስዎ የምፈልገው በሩ እንዲከፈትልኝ ብቻ ነው አልኳቸው። ብርቱካን እየላጡ አዳመጡኝ። ከዚያ መዝገብ አውጥተው አሳዩኝ፤ ከእሳት ማጥፊያው ቀጥሎ፣ ከእጅ ጋሪው በፊት፣ «ውሻ፣ ወንድ፣ ቡናማ፣ 1» ተብሎ ተጽፏል። የውጭ ሰው የዩኒየኑን ንብረት መንካት እንደማይችል አስረዱኝ። ታዲያ እናንተው አሳክሙት ስላቸው እንዲህ አሉ፦

«ንብረት ነው። አገልግሎቱን ሲጨርስ ኮሚቴ ያስወግደዋል።»

ተቆጥተው ቢሆን ይገባኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰዓት እንደሚነግር ሰው በረጋ ድምፅ ነው የተናገሩት፤ ብርቱካናቸውንም አላቋረጡም።

5. ታኅሣሥ 22 እና ጥር 12 ቀን ለእርስዎ ለራስዎ ማመልከቻ ጽፌ በጸሐፊዎ አስገብቻለሁ፤ የገቢ ደብዳቤ ቁጥሮቹ በእጄ ናቸው። መልስ አልደረሰኝም። በዚህ መካከል የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያላቸው አቶ አብዱልሃፊዝ በሰጡኝ መድኃኒት በፍርግርጉ በኩል እየረጨሁ ነበር፤ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። ድፍረት አይሁንብኝና፣ እርስዎም በዚያ በር በየቀኑ ይገቡ ነበር። መኪናዎ ከበሩ ሲደርስ መስኮቱ ወደ ላይ ሲዘጋ ከሱቄ ሆኜ አይቻለሁ። እኔም መስኮት ዘግቼ የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ለምን እንደዘጉት አውቃለሁ።

6. ጥር 25 ቀን እሁድ ከጸሎት ስንወጣ አቶ ከድሮ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። ውሻው ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፣ ውሃም ትቷል አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። አብረን አቶ አብዱልሃፊዝን ከቤታቸው ጠርተን ሄድን፤ አቶ ከድሮ በራሳቸው ቁልፍ በሩን ከፈቱ። የሚያደርጉትን አውቀው ነው የከፈቱት፤ አልገፋፋኋቸውም። ውሻው ይነክሰኛል ብዬ እየጠበቅሁ ነው ያቀፍኩት፤ አልነከሰኝም፣ ክብደቱ የጨርቅ ጥራጊ ቅርጫት ያህል ነበር።

በመድኃኒት ቤቱ ማደንዘዣ ተሰጥቶት፣ አቶ አብዱልሃፊዝ ሽቦውን በፒንሳ በአራት ቦታ ቆርጠው አወጡት። ሥጋው ዙሪያውን አቅፎት ስለነበር ሲወጣ ቆዳ ይዞ ወጣ። ትሉን በወረንጦ ለቀምን፤ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። ከትሉ ጋር የበርበሬ ፍሬ አወጣን። የበርበሬ ፍሬ፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ከሕያው ፍጥረት አንገት ውስጥ። አቶ አብዱልሃፊዝ ሃያ ዓመት ከብት ያከሙ ሰው ናቸው፤ ፒንሳውን አስቀምጠው ወደ ውጭ ወጡና ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። የእሁድ ልብሴን ሦስት ጊዜ አጥቤ ሽታው ስላልለቀቀው አቃጠልኩት።

7. ሰኞ ጠዋት አቶ ከድሮ የሆነውን ሁሉ ራሳቸው ለአቶ ፍቅሩ ሪፖርት አደረጉ። ሐሙስ «በአደራ የተሰጣቸውን ንብረት ለግለሰብ አሳልፈው በመስጠት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ለጡረታቸው አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ባለቤታቸው ወ/ሮ ባሂራ ሱቄ መጥተው ተቀመጡ፤ ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ውሻው በላ ወይ ብለው ብቻ ነው። በላ አልኳቸው። «እንግዲያው ከድሮም ይተኛል» አሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ባላቸው በደንብ ተኝተው እንደማያውቁ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ግቢ ከሠሩት ሁሉ ጥፋቱን ያመነና ለማረም የተነሳ አንድ ሰው ነበር፤ ዩኒየኑ ያባረረው እሱን ነው። ብርቱካን የሚልጡት ኃላፊ ግን ዛሬም በወንበራቸው ላይ ናቸው። ይህን ስጽፍ የሚሰማኝን ነገር በጨዋ ቃል ልገልጸው ሞክሬ አልቻልኩም። ሽታውን እንደገና የሸተትኩ ያህል ነው።

8. የካቲት 10 ቀን በእርስዎ ፊርማ የወጣ ደብዳቤ ደረሰኝ። በአምስት ቀን ውስጥ «ንብረቱን በተወሰደበት ሁኔታ» እንድመልስ፣ ካልሆነ በስርቆት እንደምከሰስ ይገልጻል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አርቃቂው ከተለመደ ቅጽ ላይ ገልብጦት እንደሆነ እገምታለሁ። ቢሆንም ማኅተም ያረፈበት ስለሆነ እንደተጻፈው እመልሳለሁ።

ውሻው በተወሰደበት ሁኔታ ላይ አይገኝም። ቁስሉ እየደረቀ ነው፤ ተከትቧል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይበላል። በተወሰደበት ሁኔታ እንድመልሰው ከተፈለገ አንገቱ እንደገና በሽቦ መታሰር፣ ቁስሉ መከፈት፣ ትሉ መመለስ አለበት። እኔ ይህን ማድረግ አልችልም። አቶ አብዱልሃፊዝንም ጠይቄያቸው እንደማይችሉ ነግረውኛል።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ. አቶ ከድሮ ሽፋ ያለ ምንም ቅጣት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱና ጡረታቸው እንዳይነካ፤

ለ. ውሻው ከንብረት መዝገብ ተሰርዞ በእኔ ኃላፊነት እንዲቆይ፤ በዩኒየኑ ሌሎች መጋዘኖች የታሰሩ ውሾች ካሉም እኔና ጎረቤቶቼ ያለ ክፍያ እንድናያቸው በር እንዲከፈትልን፤

ሐ. አቶ ፍቅሩ ለፈጸሙት ቸልተኝነት በሥራ አመራር ቦርዱ ፊት እንዲጠየቁ ነው።

ይህ ካልሆነና ዩኒየኑ በደብዳቤው ከጸና፣ ሽቦውን በውሻው አንገት ላይ መልሶ የሚያስረውን ሠራተኛ ስምና የሥራ መደብ በጽሑፍ ያሳውቁኝ። ሰውየው በሥራ ሰዓት በማንኛውም ቀን ይምጣ። ሱቄ ክፍት ነው፤ መስኮቱም ክፍት ነው። ውሻው ከስፌት መኪናዬ ሥር ተኝቷል። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እጁን አያለሁ።

መልስዎን በአክብሮት እየጠበቅሁ፣ ከሰላምታ ጋር

እቴነሽ ፈቃዱ
(ፊርማ)