ጥርስዎ በሰላም ተነቅሏል

ጥቅምት 6
እንደ ወትሮው ኮድ ስጽፍ ዋልኩ። መውጫ ላይ አለቃችን ጠራኝ። "ከነገ ጀምሮ የቡድኑ መሪ አንቺ ነሽ።" ለጥርስ ሐኪሙ የምንሠራውን የቀጠሮ መተግበሪያ የማስረክበው እኔ ነኝ ማለት ነው። ካልወደደው ውሉ ይፈርሳል፣ እኛም እንበተናለን። ደስ አለኝ። ሊፍት ውስጥ ስገባ ደስታው ጠፋ። ሰው እንዴት ነው የሚመራው?

ጥቅምት 9
ሥልጠና ላኩኝ። አጃይል ይሉታል። ሥራን ቆራርሶ፣ እያሳዩ፣ እያረሙ መሄድ። እስከዚህ ገብቶኛል። ከዚያ በደረቅ ፓስታና በፕላስተር ግንብ ሥሩ አሉን፣ በቡድን። ሠራሁ። ያምር ነበር። አሰልጣኙ መጣና "ቡድንሽስ?" አለኝ። ዞር ስል ሦስቱም ስልካቸውን ይነካካሉ። ግንቡም ያኔውኑ ተደረመሰ።

ጥቅምት 13
የመጀመሪያው የቁም ስብሰባ። በቁም የሆነው እንዳይረዝም ነው። ትናንት ምን ሠራህ፣ ዛሬ ምን ትሠራለህ፣ ምን ያዘህ... በቃ። ጋሼ ጋ ደረስን፤ መተግበሪያውን እየሞከሩ ስህተት የሚለቅሙልን እሳቸው ናቸው።
"ጋሼ፣ የያዘዎት ነገር አለ?"
"አለ።"
"ምን?"
"ወገቤ።"
ከዚያ ስለ ወገባቸው፣ ስለ ፍራሹ፣ ፍራሹን ስለሸጠላቸው ሰውዬ... ሁላችንም ወንበር ሳብን። ዝምተኛው ኮድ ጸሐፊ ተራው ሲደርስ ግን ሰዓት እንዳይሄድ እኔ ተናገርኩለት። ጎበዝ መሪ ሳልሆን አልቀርም።

ጥቅምት 14
ሥልጠናው ላይ ያሳዩንን የሥራ ሰሌዳ ቤትም ሞከርኩት። ፍሪጁ ላይ "ያልተጀመረ"፣ "የተጀመረ"፣ "ያለቀ" ብዬ ወረቀት ለጠፍኩ። እማዬ አንዱን አንስታ "ትዳር" ብላ ጻፈች። "ያልተጀመረ" ሥር ለጠፈችው። ላነሳው ስል "ሥራው ሳይነካ ወረቀቱ አይነሳም" አለችኝ። ማን አስተማራት? እኔው።

ጥቅምት 20
ጉድ ሆንኩ። የሙከራው መልእክት ለራሱ ለሐኪሙ ደረሰው። "ቀጠሮዎ ተይዟል" ማለት ሲገባው "ጥርስዎ በሰላም ተነቅሏል" ይላል። ደወለ። "ማነው የነቀለኝ?" ይስቅ ይቆጣ አልለየሁም።
ልጆቹን ከኮምፒውተሩ አስነስቼ ራሴ ጠገንኩት። አሁን ያንኑ መልእክት ለአለቃችንም ይልካል።
ንድፍ የምትሠራው ልጅ ቦርሳዋን አነሳች። "ሁሉንም አንቺ ከሠራሽው እኛ ለምን እንመጣለን?" ብላ ወጣች።

ጥቅምት 21
ጠዋት ቆመን "አልቻልኩም፣ አግዙኝ" አልኩ። ዝምተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። "ሁለቱ መልእክቶች ቦታ ተቀያይረው ነው። ካወቅኩት ቆየሁ።"
"ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"
"ተራዬ ሲደርስ የምትናገሪው አንቺ ነሻ።"
ጋሼ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እኔ ደግሞ ፊቴን የምሸፍንበት አጣሁ።
እሱ ሲያስተካክል አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጄ እያሳከከኝ። አልነካሁም።

ጥቅምት 25
ለሐኪሙ አሳየነው። ያቀረበው ዝምተኛው ነው። መሀል ላይ ቆመ... ቃል ጠፋው። ልናገርለት አፌ ተከፈተ፤ መልሼ ገጠምኩት። እሱም ቀጠለ። ጋሼ ጥያቄዎቹን መለሱ። ሐኪሙ ወደደው። መተግበሪያው መክፈቻ ላይ ያለው የጥርስ ምስል ብቻ ዓይን ይጨመርበት አለ።
ከሄደ በኋላ ጭቅጭቅ። ጥርስ ዓይን ያስፈልገዋል? ሁለት ወይስ አንድ? ንድፍ የምትሠራው ልጅ እየሳለች፣ ጋሼ እየተቃወሙ፣ ዝምተኛው ከሁሉም በላይ እየጮኸ። ወደ እኔ ዞር ያለ የለም። ትንሽ ቅር አለኝ መሰለኝ። ሻይ ላመጣላቸው ወጣሁ። ስመለስ ገና አልተስማሙም። ኩባያዎቹን አስቀምጬ፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁላቸው።