ከቁም ሳጥኑ መስታወት ውስጥ የወጣው ሰውዬ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ባልዲ ባነሳሽ ቁጥር ቤቱን በጩኸት ታደባልቂዋለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗስ? ባለፈው፣ ሰው የምትለየው በድምፁ ብቻ ሆኗል ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ልቤ ሥራዬ ላይ አልነበረም። ባልሽን፣ ወንድም ጋሼን፣ ያ ሳል ለቀቀው? ትንሿ ልጅሽ ድምቡሼስ አሁንም ጫማዋን ግራና ቀኝ አዟዙራ ነው የምታደርገው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው እንጂ ሰሞኑን ደህና አይደለሁም። አልታመምኩም፣ አትደንግጪ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ለእማዬ ግን ገና አታንብቢላት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ የድሮ ፊልም አጽድተን ወደ ዲስክ እናዛውራለን። ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ መጋረጃ ዘግቼ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ጭረቱን እጠርጋለሁ፣ የጠቆረውን አፈካለሁ፣ የሚንሿሿውን ድምፅ አወጣለሁ። አለቃችንን ጋሽ ጥራት ነው የምንለው። ጠዋት ሲገባ ጥራት፣ ማታ ሲወጣ ጥራት! ሻይ እንኳ ሲቀርብለት ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ ጥራቱን ካላየ አይጠጣም።

ባለፈው ወር ምን ቢመጣልን ጥሩ ነው? ያ የሙሽራው ሱሪ አልገባ የሚልበት ኮሜዲ! ልጆች ሳለን ልብስ ሰፊዋ ቤት ተጠቅጥቀን የምናየው። ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሳ ምስሉ ጭቃ፣ ድምፁ እንደ ዘይት የሚንጣጣ ነበር፤ ቀልዱ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ይንቀጠቀጥና እኛው በቃላችን ጨርሰነው እንስቃለን። እማዬ ብቻ አንድም ቀን አብራን አላየችም። አባታችሁ ማይክራፎን ይዞ የሠራበት ፊልም ነው፣ እናንተ ሳቁ፣ ትለንና ወደ ጓዳ ትገባለች።

አባታችን ለሌላ ፊልም ሲሄድ መኪናው ተገልብጦ በዚያው ሲቀር እኔ ጡት አልጣልኩም። አንቺ ትምህርት ቤት ጀምረሽ ስለነበር ትንሽ ትንሽ ታስታውሺዋለሽ። ያቺን አንዲት ፎቶውንም ጣሪያው አፍስሶ አበላሸብን፤ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቃ ስትላጥ ፊቱ አብሮ ሄደ። እኔ የአባቴን መልክ አላውቀውም፣ እታለም። እማዬም እየጠፋባት እንደሆነ፣ በህልሟ ሲመጣ ጀርባውን ሰጥቷት እንደሚቆም ጽፈሽልኝ የለ? እንግዲህ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ለእኛ የመጣው ካሴቱ ሳይሆን ዋናው የፊልም ጥቅል ነው። ሙሽራው ቁም ሳጥኑ ፊት ቆሞ ትንፋሹን ውጦ ሱሪውን ሲቆልፍ፣ ቁልፉ ተፈናጥሮ አማቱ ሻይ ውስጥ የሚገባበትን ታስታውሺዋለሽ። የቁም ሳጥኑ መስታወት በካሴቱ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ነበር የሚመስለው። እኔ ጨለማውን ገፈፍ ሳደርገው መስታወቱ ውስጥ ሰው ቆሟል። ክው አልኩ። ከሲታ ሰውዬ ነው፤ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ የማይክራፎኑን ዘንግ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞ፣ ሳቁ እንዳያመልጠው የሸሚዙን ኮሌታ ነክሷል። ትከሻው ይርገፈገፋል። ፊቱም በቀጥታ ወደኔ ነው።

ጉዱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ድምፁን ሳጸዳ ደግሞ ቁልፉ ሲፈናጠር አንድ ሳቅ ተሰማኝ፤ ታፍኖ ታፍኖ በአፍንጫ የሚወጣ። የተዋናዮቹ አይደለም፣ አፋቸው ዝግ ነው። ያንቺ ሳቅ ነው፣ እታለም! ያቺ አስተማሪ ፊት አምልጣሽ ከክፍል ያስባረረችሽ ሳቅ።

ለጋሽ ጥራት ባሳየው ደስ ይለዋል ብዬ ጠራሁት። መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አየና፣ ይሄማ ስህተት ነው፣ የሠራተኛ ምስል ቀርጸው ሳያዩት ቀርተዋል፣ ሰውየውንም ሳቁንም አጥፊልኝ አለኝ። ሥራዬ ነውና ጀመርኩ። መጀመሪያ ዘንጉን፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ደረቱን በግድግዳው ቀለም ሸፈንኩት። ራሱ ብቻ መስታወቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ኮሌታውን ነክሶ ሲያየኝ ዓይኔን ጨፍኜ እሱንም አጠፋሁት። ከዚያ እስቲ ልየው ብዬ ከፈትኩት። መስታወቱ ባዶ ነው። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። ቁልፉ ተፈናጠረ፣ ያ ሳቅ ከባዶው ውስጥ መጣ። ወንበሬን ጥዬ በቀን ብርሃን ወደ መንገድ ሮጥኩ፤ ደጅ የነበሩት ሊስትሮዎች ምን ነካት ብለው ሳቁብኝ። ስመለስ ሰውየውን ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ ፀጉሬን የማበጥረው ጀርባዬን ለመስታወቱ ሰጥቼ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ጥራት ለምን አልጠፋም ብሎ ሲቆጣኝ፣ አባቴ ነው አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩ። ደግነቱ የፊልሙ ዳይሬክተር ሥራውን ሊያዩ በዚያው ሳምንት መጡ፤ ሽማግሌ ሆነዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ሰውየውን አሳየናቸው። አዩ፣ አዩ፣ ሳቁ። ማይክራፎኑን ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ ነበር የሚይዙት አሉን። አንዱ ሳቅ አላስችል እያለው ኮሌታውን ሁሉ አኝኮ እንደጨረሰው ያስታውሳሉ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ጠፋባቸው። መልካቸውስ ብላቸው፣ ልጄ፣ ያኔ ሁላችንም ከሲታ ነበርን አሉኝ። የዚያ የሁለተኛው ሰውዬ ነገር እንዴት እንዳቃጠለኝ!

ጋሽ ጥራት ልቡ ደግ ነው። አባትሽ ከሆነ ይቆይ፣ ካልሆነ ግን ስህተት ነው፣ ይጠፋል፣ ወሩ ሳያልቅ ቁርጡን ንገሪኝ አለኝ። ስለዚህ ዲስኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። ማጫወቻውን ከልብስ ሰፊዋ ተዋሺ። እማዬን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀምጫት፣ ምንም እንዳትነግሪያት። እሱ ነው ወይ ብለሽ ከጠየቅሻት ለኔ ብላ አዎ ትላለች፣ ታውቂያት የለ። ዝም ብለሽ ቁልፉ ሲፈናጠር ፊቷን እዪልኝ። አንቺ ደግሞ መስታወቱን እዪ። በኋላ፣ እንደ ዋዛ፣ የአባታችን ሸሚዝ ኮሌታው ላይ ምን ይሆን እንደነበር ጠይቂያት፤ ታጥብ የነበረችው እሷ ናት።

እሱ ካልሆነ እውነቱን ንገሪኝ፣ አታባብዪኝ። ለጋሽ ጥራት ግን አልነግረውም። መልኩን የማታውቅ ልጅ ያ ሁለተኛው ሰውዬም የሆነ ቦታ ትኖረው ይሆናል፤ አባቴ ነው እንዳልኩ እቀራለሁ እንጂ ሁለተኛ በእጄ አላጠፋውም። የምፈራው ሌላ ነው። እሱ ሆኖ እማዬ ባታውቀውስ? ይህን ሳስብ ዲስኩን ባልላክሁት እላለሁ።

በይ እንግዲህ፣ የእማዬን ጉልበት ስመሽ አንድ ጊዜ ስለኔ እቅፍ አድርጊያት። ወንድም ጋሼ ሲጋራውን እስካልተወ ድረስ ሰላምታዬ ግማሽ ነው በዪው። ትልቋን ልጅሽን ትምህርቷን እንድትበረታ ንገሪልኝ፣ ድምቡሼን ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ። ለልብስ ሰፊዋም ምድር ሙሉ ሰላምታ አድርሺ።

መስታወቱ ውስጥ ያለውንም ስታገኚው ሰላም በዪልኝ። እኔ በሕይወቴ አባዬ ብዬ የጠራሁት ሰው የለም። ዛሬ ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ በሩን ዘግቼ፣ ስክሪኑ ፊት ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ጠራሁት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። እሱ ኮሌታውን እንደነከሰ ነው።

የምትወድሽ ታናሽሽ
ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት ሲጋመስ